ከአዳማ እስከ ላንጋኖ፤ ቤት የቀረችው ተሳቢ

ባለፈው ነሐሴ ጀርመን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ አዳማ መጣ። ከመጣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ የግቢያችን በር በኃይል ተንኳኳ። ስከፍት አንድ የብረታ ብረት ሠራተኛ ከሁለት ልጆች ጋር ሆኖ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ እየገፋ ቆሟል። ባለ ብረት አጥር፣ ባለ ሸራ ጣሪያ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች አዲስ ተሳቢ ነበረች። ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ እጁን እያፋተገ፣ “ይኸውልሽ ካራቫናችን!” አለኝ። ለካ ከመምጣቱ በፊት በስልክ አዝዞ አሠርቷት ኖሯል።

ጀርመን አገር የትምህርት ቤት እረፍት በደረሰ ቁጥር ካራቫን ተከራይቶ ልጆቹን ወደ ሐይቅ ዳር ይወስዳል። ካራቫን ማለት በመኪና የሚጎተት ቤት ነው፤ አልጋም፣ ማብሰያም አለው። “እኛስ ምን ይጎድለናል?” ነበር ነገሩ። የአባታችንን አሮጌ ፒክ አፕ ከፊት፣ ተሳቢዋን ከኋላ አድርገን፣ ዐሥራ አንዳችንም ላንጋኖ ወርደን ሦስት ሌሊት እናድራለን። ዕቃው በተሳቢዋ ይጫናል፤ ማታ ማታ ደግሞ ልጆቹ ሸራዋ ሥር ይተኛሉ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የሆኑትን ለወላጅ መንገር አያስፈልግም።

አባታችን ግን ከቁርሳቸው ተነሥተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ተሳቢዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት። ምንም አላሉም። የልጅ ልጃቸውን፣ የዐሥራ አንድ ዓመቷን ልጄን ጠሩና፣ “ሂጂ ሜትርና ደብተር አምጪ” አሏት።

አባባ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በአሰብ መንገድ ላይ ከነተሳቢው የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ወንድሜም እኔም የተማርነው ከዚያች መኪና በተገኘ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሜትር ሲጠይቁ ሁላችንም ዝም አልን።

አራቱ ልኮች

“ጎታችና ተጎታች ከመጋባታቸው በፊት አራት ነገር ይለካል” አሏት ለልጄ። “ወርድ፣ ቁመት፣ ርዝመት፣ ክብደት። ጻፊ።”

ጻፈች። ወርድ 2 ሜትር ከ20። ከመሬት እስከ ሸራው ጫፍ ቁመት 2 ሜትር ከ90። ከመሳቢያው ክንድ ጋር ርዝመት 4 ሜትር ተኩል። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ጀርመን አገር የሚሠራበትን ልክ አነበበ፤ ወርድ እስከ 2 ሜትር ከ55፣ ቁመት እስከ 4 ሜትር፣ ተሳቢው ብቻውን እስከ 12 ሜትር፣ ጎታችና ተጎታች ተያይዘው እስከ 18 ሜትር ከ75። “አያችሁ? በሁሉም አልፋለች!” ብሎ ደስ አለው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባባ ግን፣ “ይኼ እኮ መንገዱ የሚችለው ልክ ነው። መኪናው የሚችለውስ?” አሉ።

ይህችን ጥያቄ ብዙዎቻችን አናስባትም። ሕግ የሚያወጣው የወርድና የቁመት ልክ የመንገዱን ስፋት፣ የድልድዩን ከፍታ፣ የመታጠፊያውን ጥበት ተመልክቶ ነው። ከዚያ ልክ ያለፈ ማንም አይፈቀድለትም። ከልኩ በታች መሆን ግን ለማንኛውም መኪና ፈቃድ አይሆንም። ዐሥር ኩንታል የሚችል አህያ እንደሌለ ሁሉ፣ የራሱን ክብደት የሚያህል ተሳቢ እየጎተተ በደህና የሚቆም ትንሽ መኪናም የለም።

መጀመሪያ ወርዱን አነሡ። የፒክ አፗ ወርድ 1 ሜትር ከ75 ያህል ነው። ተሳቢዋ በግራም በቀኝም ከሃያ ሳንቲ ሜትር በላይ ትወጣለች ማለት ነው። ሹፌሩ በስፖኪዮ ወደ ኋላ ሲያይ የሚታየው የተሳቢዋ ሸራ ብቻ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ አይታየውም። ወንድሜ ራሱ አስታወሰ፤ ጀርመን አገር ካራቫን ሲከራይ ረዘም ያለ ተጨማሪ ስፖኪዮ ግድ ያስገጥሙታል። ለምን እንደሆነ ግን እስከዚያ ቀን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ክብደቱ መጣ። ተሳቢዋን ጎረቤት ወዳለ የእህል መጋዘን ገፍተን ወስደን በትልቁ ሚዛን አስመዘንናት። ባዶዋን 610 ኪሎ! ብረቱ ለዝሆን የታሰበ ይመስላል። ቀጥሎ ሊጫን የታሰበውን ዕቃ አንድ በአንድ መዘንን። ዐሥር ጀሪካን ውሃ 200 ኪሎ፣ ጄኔሬተር 60፣ ሁለት የብረት አልጋ 80፣ ፍራሽና ድንኳን 130፣ ሁለት ጆንያ ከሰል 60፣ ምግብ፣ ድስትና የጋዝ ምድጃ 160። ልጄ ደመረችው፤ 690 ኪሎ። ከተሳቢዋ ጋር 1,300 ኪሎ፣ ማለትም 13 ኩንታል።

ፒክ አፗ ባዶዋን 1,400 ኪሎ ያህል ብትመዝን ነው። በአውሮፓ ካራቫን ለሚጎትቱ ቤተሰቦች የሚሰጠው የተለመደ ምክር፣ የተሳቢው ክብደት ከጎታቹ መኪና ባዶ ክብደት ከመቶ 85 እንዳይበልጥ ነው። ለእኛ ይህ 1,190 ኪሎ ይሆናል። አልፈነዋል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ተሳቢዋ ፍሬን የላትም። ጀርመን አገር የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ሕግ ይከለክላል። የእኛዋ ወደ እጥፍ ተጠግታለች። ያን ሁሉ ክብደት የምታቆመው ፒክ አፗ ብቻዋን፣ ያውም በነሐሴ ዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ ነው።

ወንድሜ ሳይዋጥለት፣ “ቀስ ብለን እንሄዳለን” አለ።

“ልጆቹንስ የት ነው የምታስቀምጣቸው?” አሉት።

“ሦስቱ ትልልቆቹ ተሳቢዋ ላይ ፍራሹ ላይ…”

አባባ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት ሰማሁ። “ጀርመን አገር እንዲህ ታደርጋለህ?” አሉት። አያደርግም። እዚያ በሚጎተት ካራቫን ውስጥ ሰው መጫን ክልክል ነው፤ እንግሊዝ አገርም እንዲሁ። ተሳቢ ቢፈታ፣ ቢገለበጥ፣ ውስጡ ላለ ሰው ቀበቶ የለ፣ መሪ የለ፣ ፍሬን የለ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እዚያ የማያደርገውን እዚህ ለማድረግ ያሰበው “እዚህ ማን ያያል?” ብሎ እንደሆነ ለራሱም የገባው ያኔ ይመስለኛል።

ሊብሬ የሌላት ሙሽራ

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አባባ፣ “ሰሌዳዋስ?” ብለው ጠየቁ። በአገራችን ተሳቢ የመኪናው ጅራት ተደርጎ አይቆጠርም። ራሱን የቻለ መዝገብና የራሱ ሰሌዳ አለው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ማለትም በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ መሠረት፣ መንገድ ላይ የሚወጣ ተሽከርካሪ መመዝገብ፣ ሰሌዳ መለጠፍና በየዓመቱ መመርመር አለበት። ብየዳ ቤት ተሠርታ በማግስቱ አስፋልት ላይ የምትወጣ ተሳቢ ሊብሬም፣ ቦሎም፣ የሦስተኛ ወገን መድንም የላትም። እግዚአብሔር አይበለውና የሰው ልጅ ብትገጭ፣ ለተጎጂው ቤተሰብ የሚከፍል መድን የለም፤ ለኛም የሚቆምልን የለም።

የመንጃ ፈቃዱም ጉዳይ አለ። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከነተሳቢ መንዳት ይችላል ማለት አይደለም። ለተሳቢ የተለየ የፈቃድ ደረጃ የተበጀው በከንቱ አይደለም። ጀርመንም ቢሆን ወንድሜ በተራ መንጃ ፈቃዱ ሊጎትት የሚችለው እስከ 750 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ነው፤ ከዚያ ለሚበልጥ ተሳቢ ደግሞ መኪናውና ተሳቢው በድምሩ ከ3,500 ኪሎ እንዳይበልጡ ይፈለጋል።

ልጄ ደብተሯን ዘጋች። የወንድሜ ትንሹ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። እናታችን፣ “ላንጋኖ ይቀራል ያለ ማን አለ? የምትቀረው ተሳቢዋ ናት” ብለው ነገሩን አበረዱት።

በማግስቱ ለሰዎቹ ሚኒባስ ተከራየን። ጄኔሬተሩና የብረት አልጋዎቹ ቤት ቀሩ። ውሃውን ባቱ ስንደርስ ልንገዛ ተስማማን። ከሰልም በየመንገዱ ሞልቷል። የቀረው ዕቃ በፒክ አፗ ጀርባ ላይ ተጭኖ፣ በገመድ ታስሮ፣ ከጎኗም ከኋላዋም ሳይወጣ ተስተካከለ። ወንድሜ ግን እስከ ሞጆ ድረስ አኩርፎ ነበር።

ሞጆ፤ የኮንቴይነር ትምህርት ቤት

ከአዳማ ስንወጣ መንገዱን ልጆቹ እንዲያዩት አባባ ከሚኒባሱ ሹፌር አጠገብ ተቀመጡ። ከተማችን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት የተባለች፣ በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀደመ ስሟ የተመለሰች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት። ከተመሠረተችበት ጊዜ ጀምሮ የመጓጓዣ ከተማ ሆና ኖራለች፤ መጀመሪያ በባቡር፣ ቀጥሎ በከባድ መኪና። ከደቡቧ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የሚያመርተው ወንጂ አለ። አባባ መጀመሪያ ተሳቢ ያዩት እዚያ፣ ልጅ ሳሉ፣ ትራክተር የሸንኮራ ጋሪ ሲጎትት ነው።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገልግሎት የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መስመር ነው። ልጆቹ ስለ ክፍያው ሲጠይቁ አባባ መንገድ ለምን እንደሚያረጅ ነገሯቸው። እኔም ከዚያ በኋላ አንብቤ አረጋገጥኩት። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ በአንድ አክሰል (የጎማ ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ያህል እንደሚያድግ ታየ። በቀላሉ ሲነገር፣ 10 ቶን ማረፍ በሚገባው አክሰል ላይ 12 ቶን ቢጫን፣ ጭነቱ የጨመረው በአንድ አምስተኛ ነው፤ ጉዳቱ ግን እጥፍ ይሆናል። 13 ቶን ቢጫን ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

አገራችን አባል በሆነችበት በኮሜሳ አካባቢ የፊተኛው የመሪ አክሰል እስከ 8 ቶን፣ ጥንድ ጎማ ያለው ነጠላ የኋላ አክሰል እስከ 10 ቶን የሚለው ልክ የሚሠራበት ለዚህ ነው። ሞጆ አጠገብ የሚዛን ጣቢያ ላይ ተሰልፈው የሚታዩት ከባድ መኪኖች የሚመዘኑት በጠቅላላ ክብደታቸው ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አክሰል ስንት ተሸከመ ይባላል። “በጠቅላላው ልክ ሆነህ በአንዱ አክሰል ልትጠየቅ ትችላለህ። ጭነት መደርደርም ሙያ ነው” አሉ አባባ።

ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ስናልፍ ልጆቹ በኮንቴይነር ቆጠራ ተጠመዱ። አባባ ጨዋታውን ወደ ትምህርት ለወጡት። ኮንቴይነር በዓለም ላይ ሁሉ አንድ ልክ ነው። ወርዱ 2 ሜትር ከ44 ነው። አጭሩ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ከ10 ያህል ነው። ረጅሙ 40 ጫማ፣ 12 ሜትር ከ20 ያህል ነው። ስለዚህ ኮንቴይነር ተራ በተራ የሚያልፍ ሜትር ነው። የእኛዋ ተሳቢ በወርዷ ከኮንቴይነር የምታንሰው በሃያ አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደሆነ ልጄ አስልታ ስትናገር፣ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። “ያን ያህል ትሰፋለች እንዴ?”

ቀጥለው ግማሽ ተሳቢና ሙሉ ተሳቢ የሚለዩበትን አሳዩን። ግማሽ ተሳቢ የሚባለው ፊቱ በጎታቹ ጀርባ ላይ ያረፈው ነው፤ ከፊት ጎማ የለውም። ሙሉ ተሳቢ ግን ከፊትም ከኋላም ጎማ ኖሮት፣ በአንድ ረጅም ክንድ የሚጎተት ነው። በዚያ ክንድ ላይ ነው ለወላጅ ሁሉ የሚሆን አንድ ነገር የተናገሩት።

“ከተማ ውስጥ መኪና ሲቆም በመኪናውና በተሳቢው መካከል ክፍት ቦታ ይታያል። ልጅ በዚያ ሾልኮ የሚያልፍ ይመስለዋል። ሹፌሩ አያየውም፤ ሊያየውም አይችልም። ስኮርታ ጎማ ከሰረቀብኝ ሌባ ይልቅ በዚያ መሐል የሚሾልክ ልጅ ነበር የሚያስፈራኝ።” በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ከባድ መኪና በሰፈር መካከል ያልፋል። እባካችሁ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የቆመ ተሳቢ በር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ኩርባ ላይ ያለው ነው። ረጅም ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ጎማ ፈለግ አይከተልም። ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በመሆኑም ሹፌሩ አደባባይ ላይ ወይም መታጠፊያ ላይ መጀመሪያ ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ይወጣል። ከጎኑ ክፍት ቦታ አገኘሁ ብሎ የሚገባ ባጃጅ ወይም አውቶሞቢል በተሳቢው ጎማና በጠርዙ ድንጋይ መካከል ይጨፈለቃል። ፍሬቻ ያበራ ከባድ መኪና ጎን መግባት አይገባም፤ ከኋላው መታገሥ ነው።

የመቂው ጋሪ

ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ፣ እስከ ባቱ ድረስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው አዲስ የክፍያ መንገድ ነበረልን። እናታችን ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ሳይገዙ መቂን አያልፉም፤ አባባም የድሮውን መንገድ ሊያሳዩን ፈለጉ። ስለዚህ በቆቃ በኩል፣ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የፈጠረውን ሐይቅ በስተግራ እያየን፣ አዋሽን ተሻግረን፣ በዓለም ጤና አድርገን መቂ ደረስን።

መቂ ላይ ሽንኩርት እየመረጥን ሳለ አንድ የአህያ ጋሪ ከፊታችን ቆመ። ጆንያዎቹ ሁሉ ከጎማው ወደ ኋላ ተከምረዋል። ነጂው ሌላ አንድ ጆንያ ከኋላ ሲወረውርበት፣ ጋሪው ወደ ኋላ ዘነበለና ክንዶቹ ወደ ላይ ተነሡ። አህያዋ የፊት እግሮቿ ከመሬት ሊለቁ ደረሱ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ነጂው ሳይደነግጥ ሁለት ጆንያ ከኋላ አንሥቶ ወደ ፊት አመጣ። ጋሪው ተስተካከለ፣ አህያዋም ጆሮዋን አራግፋ ቆመች።

አባባ አልሳቁም። ወንድሜን በክንዱ ይዘው፣ “አየህ?” አሉት። “ይኼ ሰው ያወቀውን እኔ ያወቅሁት ሰው ካጎደልኩ በኋላ ነው።”

የባቲ ቁልቁለት

ታሪኩን እኛ ልጆቻቸው እንኳ በሙሉ ሰምተነው አናውቅም ነበር። ከባቲ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። የቅባት እህል ጭነው ወደ አሰብ ይወርዱ ነበር። አንድ ነጋዴ፣ “ይቺን ትንሽ ብቻ” እያለ ተጨማሪ ጆንያ አስጫናቸው። ቦታ የነበረው ተሳቢው ላይ፣ ከኋላ በኩል ነበር። እርሳቸውም የልጅ ልብስ መግዣ ይሆናል ብለው እሺ አሉ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ጨመር ሲል ተሳቢው እንደ እባብ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። የኋላው ሲከብድ የፊቱ ይቀላል፤ የፊቱ ሲቀል ጎማው መሬት አይቆነጥጥም። እርሳቸው ደንግጠው ፍሬን ረገጡ። ያ ነበር ስሕተቱ፤ ጎታቹ ሲቆም ተጎታቹ ይገፋዋል። ረዳታቸው መኪናው ሊገለበጥ ነው ብሎ ዘለለ። መኪናው ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። ረዳቱ ግን እግሩ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ዕድሜው 19 ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ አልሠራም።

“ትርፉ የሁለት መቶ ብር ነበር” አሉ አባባ። ሌላ አልጨመሩም።

ወንድሜ ጥቂት ዝም ብሎ፣ “አባባ፣ ፍሬን ካልያዝኩ ታዲያ ምን ላድርግ?” ብሎ ጠየቀ። መልሳቸው በአውሮፓ ካራቫን ለሚጎትቱም ከሚሰጠው ምክር ጋር አንድ ነው። ተሳቢ መወዛወዝ ሲጀምር ነዳጁን ትለቃለህ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ትይዛለህ፣ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ ትጠብቃለህ። በኃይል ፍሬን መያዝም፣ መሪ ወዲያ ወዲህ ማለትም ያባብሰዋል። ዋናው መድኃኒት ግን ከመነሣት በፊት ነው። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ በጎማው ዘንግ አካባቢና ትንሽ ወደ ፊት ይጫናል፤ ቀላሉ ከላይና ከኋላ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በዝቅተኛ ማርሽ ይገባል። ለዚህ ነው ጀርመን አገር፣ ባማረው መንገዳቸው ላይ እንኳ፣ ካራቫን የሚጎትት መኪና ያለ ልዩ ፈቃድ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ የተወሰነው።

ከመቂ እስከ ባቱ ወንድሜ ከአባባ ጎን ሆኖ ሲጠይቅ፣ ሲመልሱለት ሄዱ። ኩርፊያው መቂ ላይ ቀረ።

ላንጋኖ

ባቱ ላይ ዓሣ በላን፤ ልጆቹ በሐይቁ ዳር የቆሙትን አባኮዳዎች ሲያሳድዱ ቆዩ። ውሃችንን ጫንን። አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን አልፈን በስተግራ ወደ ላንጋኖ ታጠፍን። ቡናማው ውሃ ከነፋሱ ጋር ሲንቀሳቀስ፣ ማዶ የአርሲ ተራሮች ደመና ለብሰው ነበር። ድንኳኑን ከቦታው ተከራየን። ጄኔሬተር አልነበረም፤ ጨለማው ለልጆቹ ከካራቫን የበለጠ ጀብዱ ሆነላቸው።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ አባባን አሸዋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለት የክብሪት ቤት በክር አያይዘው፣ የፊተኛውን እየጎተቱ፣ የኋለኛው ኩርባ ላይ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚቆርጥ ለልጆቹ ያሳያሉ። በኋለኛው ላይ ጠጠር ይጭናሉ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ደግሞ ከፊት። ጀርመን የተወለደው ልጅ አማርኛው ብዙ አይደለም፤ ይህን ትምህርት ግን ያለ አስተርጓሚ ተማረው። እቤታችሁ የክብሪት ቤትና ክር የማይጠፋ ከሆነ፣ ከልጆቻችሁና ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት።

ለመጪው በዓል ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምትወርዱ ከሆነ፣ ተሳቢ ባይኖራችሁም የአባባ አራቱ ልኮች ይሠራሉ። በፖርቶመጋላው ላይ የምታስሩት ዕቃ ቁመቱ ስንት ሆነ? ከጎንና ከኋላ የሚወጣ አለ? መኪናው ከነሰዉ ስንት ይከብዳል? አምራቹ የፈቀደው ስንት ነው? ይህ ቁጥር በመኪናው መመሪያ ደብተር ላይና ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። የጎማው ነፋስ ለጭነቱ ይበቃል? የኋላ መብራትና ፍሬቻ በዕቃ አልተጋረደም? ተሳቢ ለማሠራት ያሰበ ካለ ደግሞ፣ ብየዳ ቤት ከመሄዱ በፊት አካባቢው ወዳለው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚፈቀደውን ልክ፣ የምዝገባውንና የመንጃ ፈቃዱን ጉዳይ ይጠይቅ። እኛ ነገሩን ገልብጠን ጀምረን ነበር።

ተሳቢዋ አሁን በግቢያችን ከማንጎው ዛፍ ሥር ናት። ወንድሜ ከመሄዱ በፊት ጎማዎቿን አውልቆ በድንጋይ አስቀመጣት። ልጆቹ ሸራዋ ሥር ያነባሉ፣ ከሰዓት በኋላም ይተኛሉ። ልጄ በጎኗ በጠመኔ ጽፋባታለች፤ ወርድ 2.20፣ ቁመት 2.90፣ ርዝመት 4.50፣ ክብደት 610። አባባ ዝናቡ ባጠፋው ቁጥር፣ “ድገሚው” ይሏታል።

በአዲስ ዓመት ማለዳ ስልካቸው ጮኸ። ደዋዩ በየዓመቱ የሚደውለው ያ ረዳታቸው ነው፤ እርሱም ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። አባባ ሰላምታውን ከተለዋወጡ በኋላ ስለ ላንጋኖው ጉዞና ቤት ስለቀረችው ተሳቢ በሙሉ ተረኩለት። ከወዲያ በኩል ሲስቅ ሰማሁት።

“እንኳን ቀረች፣ ጋሼ” አላቸው።